አረንጓዴው ዱቄትና የአባቴ በረኪና

አባቴ ድንች የሚያውቀው በአፍንጫው ነበር። አትክልት ተራ ባለችው መጋዘናችን ጆንያዎቹ መሀል ቆሞ አንዴ ሳብ ያደርግና «እዚያ ጥግ አንዷ ታማለች» ይላል። ጆንያውን ስንፈታው እውነትም አንዷ በስብሳ ትገኛለች። ሻጋታ ያየበትን ሁሉ በበረኪና ያጥባል፤ ወለሉን፣ ጆንያ የሚደረደርበትን የእንጨት ርብራብ፣ እጃችንን ሳይቀር።

ሞባይል በየሰዉ ኪስ ሳይገባ በፊት፣ በአንድ ክረምት፣ ጉልበቱ ደከመና «ይሄ ድንች ሳይበሰብስ ለፍልሰታ ከደረሰልሽ መጋዘኑ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ አከራየዋለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚያች መጋዘን ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ግብርና የሚማረው ወንድሜ ይህን ሲሰማ አንድ ፌስታል አረንጓዴ ዱቄት ይዞልኝ መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ከአፈር የተገኘ ፈንገስ ነው። ድንቹ ላይ ቀድሞ ይሰፍርና የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ይበላዋል።»

ሻጋታ ሻጋታን ሲበላ! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አልኩ በሆዴ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠርገው የኖርኩትን ነገር በገዛ እጄ ልርጨው? ቢሆንም ዱቄቱን በውሃ በጥብጠን ድንቹ ላይ ረጨን፣ እስኪደርቅ አናፈስነው፣ ደረደርነው። አባቴን «መድኃኒት ነው» ብቻ አልነው።

ከሳምንት በኋላ ድንቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ አለ። ወንድሜ «አይዞሽ፣ የኛው ነው» አለ። እኔ ግን የኛውን ከሌባው መለየት አቅቶኝ ጆንያዎቹን ስዞር ዋልኩ።

ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው በሩን ስከፍት ሽታው መለሰኝ። የታችኛው ረድፍ ሟሙቶ ውሃ ሆኗል። ወንድሜ ተንበርክኮ ከርብራቡ ሥር ሁለት ባዶ የበረኪና ዕቃ አወጣ። «ማነው ያጠበው? ፈንገሱም ሞቷል፣ ድንቹም እርጥቡን ተደርድሯል» አለ። ዞር ስንል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ ነኝ። አረንጓዴውን ሳየው ነጋዴው ይስቅብሻል ብዬ ፈራሁ። ከቀናት በፊት በማለዳ፣ ሳትመጪ አጠብኩልሽ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። የተናደድኩት በሱ ይሁን ነገሩን ባድበሰበስኩት በራሴ አልለየልኝም። መጋዘኑማ አመለጠኝ ብዬ አሰብኩ። ቁጭ ብዬ የተረፈውን መልቀም ጀመርኩ።

አባቴም ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። አረንጓዴ የነካካት አንዲት ድንች አንስቶ አገላበጣትና ወደኔ ዘረጋት። በዚያ መጋዘን ውስጥ ማንንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው «ይህቺስ ትጣል?» አለኝ።

አላወቅኩም። «ትቀመጥ» አልኩት።

አስቀመጣት።