«ድልድዩን ዛሬ እንጨርሰዋለን»

ወንድሜን ፈልገው ቤታችን መጡ፤ ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። «እሱ ሲመጣ ትወጫለሽ» አሉኝ። ክልል የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነበር፤ ማን ማንን እንደሚያስር እንኳ በቅጡ አይታወቅም። ያስገቡኝ ክፍል መጋዘን የነበረች ናት፤ ጣሪያዋ ከረፋድ ጀምሮ ይንጣጣል። ውስጧ ሁለት ሴቶችና አንድ የአራት ወር ሕፃን አገኘሁ።

አንደኛዋ የልጁ እናት ናት፤ ነርስ ስለሆነች ሲስተር እላት ነበር። ሌላዋ ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ ትልቅ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ወንድ ከሴት አይለይም። ገና እንዳየችኝ፣ «አንተ፣ ና እዚህ ቁጭ በል» አለችኝ። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ።

ሲስተርን በዚያው ሳምንት ወደ ጎሬ ሊያዛውሯት ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ አያስተኛም፤ ጎሬ ግን ብርድ ነው፣ ልጁ ደግሞ ያስላል። ስለዚህ ከአሮጌ ቀሚስና ከፍራሽ ጥጥ ድሪቶ ይሰፉለታል። አራቱ ቁራጮች ጥጥ ገብቶባቸው እያንዳንዳቸው ለብቻ ተሰፍተው አልቀዋል። የቀረው ማገናኘት ነው። ቸኩዬ ሁለቱን ደርቤ ልወጋ ስል መርፌው ጎበጠ። ያለን መርፌ እሱ ብቻ ነበር።

«አንተ ዓሣ ነህ እንዴ? ዝም ብለህ ትገባለህ?» አለችኝ ዓሣ ሻጯ። «ወፍራም ከወፍራም አይጋባም። መሀሉ ድልድይ አድርግ።»

ድልድይ የምትለው ሁለት ጣት የምታህል ቀጭን ጨርቅ ናት። ሁለት ሆነው፣ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች፣ በአንድ ወገን አንዱን ቁራጭ፣ በሌላ ወገን ሌላውን ነክሰው ይይዛሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ዘቡ «መኪናው ከሰዓት ነው» አለ። ሲስተር ፊቷ ጠቆረ። ዓሣ ሻጯ ጮክ ብላ፣ «አትፍራ! ድልድዩን ዛሬ እንጨርሰዋለን!» አለቻት።

ዘቡ ከበሩ አልራቀም ነበር። ድሪቶው እጄ ላይ ስለነበር ወዲያው እኔን ከነድሪቶው ወደ መርማሪው ወሰደኝ።

መርማሪው ድሪቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በመስኮቱ የባሮ ድልድይ ይታያል። «የትኛውን ድልድይ ነው የምትጨርሱት?»

«የጨርቁን» አልኩት።

«የጨርቅ ድልድይ!» ብሎ ምላጭ አወጣ። «ውስጡ ያለውን እናየዋለን።»

ምላጩ ከነካው ጥጡ ይበተናል፤ መኪናው ከሰዓት ነው።

«ጋሼ፣» አልኩት። «አይቀደድም፤ ይተረተራል። እኔ ልተርትረው።»

አንዷን ድልድይ በጥፍሬ ተረተርኩ፤ ክሩ እንዳይባክን ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት። እሱ ቆሞ ጠበቀኝ። ውስጧ ምንም አልነበረም። ወረቀት ገፋልኝ፤ «በይ ቃልሽን ጻፊ።»

ጻፍኩ፦ «ድልድይ ማለት ወፍራሙን ከወፍራሙ የሚያገናኝ ቀጭን ጨርቅ ነው።» ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ድሪቶውን መለሰልኝ።

በዚያው ክር፣ በዚያው በጎበጠ መርፌ መልሼ ሰፋኋት፤ የቀረውንም ጨረስኩ። የመኪናው ሞተር ሲነሳ የመጨረሻውን ክር በጥርሴ በጠስኩ። ሲስተር ልጇን ጠቅልላ ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔም ተፈታሁ፤ ወንድሜንም አላገኙትም። አሁን ትምህርት ቤት ድርሰት ጻፉ ስንባል ሦስት ገጽ ሞልቼ ወረቀት የምለምን እኔ ነኝ፤ ደስ ሲል! ግን ከዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር የሚበልጥ ገና አልጻፍኩም።

ዓሣ ሻጯም ተፈትታለች። ወንዙ ዳር ከሩቅ «አንተ!» ትለኛለች፤ «አቤት!» እላለሁ። ወደ ጎሬ የሚወጣ መኪና ሲያልፍ ግን ሁለታችንም እስኪሰወር በዓይናችን እንከተለዋለን። ያቺ መልሼ የሰፋኋት ድልድይ ጠማማ ነበረች። መያዟን ብቻ ባወቅሁ።