ሰማያዊ ቸርኬዎች

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ መውጫ ላይ አንድ አሮጌ ኤንትሬ ቆሞ አየሁ። አካሉ ዝጓል፤ ቸርኬዎቹ ግን አዲስ ናቸው። የሙሽራ ጫማ ያጠለቀ ሽማግሌ ይመስላል። ዐይኔ ከብሎኖቹ ላይ አልነሣ አለ።

አባቴም እንዲህ ያለ ካምዮን ነበረው። ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከአሰብ አዲስ አበባ ጭነት ያመላልስበት ነበር። የድሮዎቹ ቸርኬዎች በቀለበት የሚያያዙ ስለነበሩ፣ ጎማ ሲነፋ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳ ነበር። አባቴ ያዘዛቸው አዲሶቹ ግን ወጥ ነበሩ። በመርከብ ሲመጡለት ደስታውን አልቻለውም፤ ፊት ጀርባ ሳይል ሰማያዊ ቀለም ደራርቦ ቀባቸው።

አባቴ ቀለም ሲያገኝ አያስችለውም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የብረት አልጋውን ሳይቀር ፈታትቶ ቀብቶት ነበር። ደገኛው ክረምት በሚለው ወራት አሰብ እሳት ናት፤ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ የባሕሩን ንፋስ እየለመነ ይተኛል። በዚያ ሙቀት በብረትና በብረት መሃል ያለው ቀለም ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ብሎኑ ላላና፣ አንድ ማለዳ አልጋው አባቴን ከነፍራሹ መሬት አወረደው።

ቸርኬዎቹ በሚገጠሙበት ቀን ዓሣ ጥብስና ትኩስ ዳቦ ይዤለት ወደ ጎሚስታው ወደ ጋሽ ኪዳኔ ዳስ ሄድኩ። ካምዮኑ በክሪክ ተነሥቷል። አባቴ የጭነት ተራው ደርሶ ስለነበር ይቸኩላል፤ ከሰዓት በኋላ ወደብ ካልገባ ተራው ለሌላ ያልፋል። አንዱ ቸርኬ ሊገባ ሲል ጀርባውን አየሁት፤ ከመኪናው ብረት ጋር በሚገጥምበት መቀመጫው ላይ ቀለሙ እንደ ቅቤ ወፍሯል።

ያኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለነበር ከታናናሾቼ ጋር ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ግን አፌ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ መቀመጫው ላይ ያለው ቀለም ይፋቅ። ይላላል።»

ተራ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር ሳቀ። «ጋሽ ተፈራ፣ ሰባተኛ ክፍል ቸርኬም ያስተምራሉ እንዴ?»

ጋሽ ኪዳኔ መፍቻውን እያሳየ አጽናናኝ። «ጓለይ፣ እኔ ጥርቅም አድርጌ አስረዋለሁ፤ አታስቢ።»

«አልጋውንም ጥርቅም አድርገን ነበር ያሰርነው» አልኩ።

«የምን አልጋ?» አለ ሾፌሩ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። አባቴ ቸርኬውን አገላበጠው።

«እኔ የወደቅሁበት አልጋ» አለ። «ልክ ናት። ሁሉንም እንፍቀው፣ ኪዳኔ።»

«ተራህስ?»

«ተራ ተመልሶ ይመጣል። ተሳቢ እየጎተትኩ ቁልቁለት ላይ ጎማ ቢያመልጠኝ ግን ማን ይመልስልኛል?»

ሾፌሮቹ በአልጋው ሲሳሳቁ እኔና እሱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ፋቅን፤ ላባችን ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ተራው አለፈ፤ ዓሣውም የድመት ሆነ።

በሌላ ተራ ጭኖ ሄደ። ሲመለስ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ጋሽ ኪዳኔ ዳስ ቆሞ፣ መንገድ ላይ ደባይሲማ ሲደርስ ወርዶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በመፍቻ እንደሞከራቸው፣ አንዱም ንቅንቅ እንዳላለ አወራ። ከዚያ ወዲያ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ሲመጣለት ጋሽ ኪዳኔ «መጀመሪያ የተፈራ ልጅ እንዳለችው» ይል ነበር አሉ። እኔም ለወራት ቀና ብዬ ሄድኩ።

ያኔ የኮራሁት በራሴ ነበር። ኋላ ብዙ ተማርኩ፣ ሰዎችንም አስተማርኩ፤ በሰው ፊት መታረም ምን ያህል እንደሚያም ያወቅሁት በማስተምርበት ጊዜ ነው። አሁን እሱ በነበረበት ዕድሜ ላይ ሆኜ ሳስበው የምኮራው በአባቴ ነው። እነዚያ ሁሉ ሾፌሮች እየሰሙት፣ ማንም ሳያስገድደው፣ «ልክ ናት» አለ።