የእትዬ ኪኑዮ ሊሾ

እትዬ ኪኑዮ መኪናቸውን ለሌላ ሰው አያስነኩም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በገበሬ ማኅበሩ ነዳጅ ማደያ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለሠሩ፣ የሞተር ዘይት መቀየር ለሳቸው ድንች እንደ መላጥ ነው። የሚኮሩት ግን በመቀየሩ አይደለም። "ቀይሮ የሚሄድማ ሞልቷል፤ ሥራው ማጽዳቱ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደጃቸው ያለው ሊሾ ላይ ሩዝ ቢቀርብልኝ ያለ ሳህን እበላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ሹንጂ ከከተማ ደወለልኝ። የእናቱን ወሬ የሚጠይቀው እኔን ጎረቤቷን ነው።

"ጋሽ ሂሳኦ፣ ዛሬም መኪና ሥር ገብታለች?"

መዋሸት አልችልበትም። "ገብተዋል" አልኩት።

"በቃ፣ መንገድ ላይ ነኝ። ቁልፉን ወስጄ መኪናዋን እሸጣታለሁ። አንድ ቀን ዘይቱን ትደፋና አንሸራቷት ትሰበራለች።"

አውቶቡስ ወደ መንደራችን መምጣት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ያቺ ትንሽ ፒክአፕ ከተወሰደች ለእትዬ ኪኑዮ ገበያም ሐኪም ቤትም የለም፤ ቤት ቁጭ ነው። ላስጠነቅቃቸው ሮጥኩ። ያበላሸሁትም በዚሁ ነው።

"እትዬ፣ ሹንጂ ቁልፉን ሊወስድ እየመጣ ነው" ብዬ ጮህኩ። ደንግጠው ከመኪናው ሥር ሲወጡ ክርናቸው አሮጌው ዘይት የተጠራቀመበትን ሳፋ መታው። ሦስት ሊትር ጥቁር ዘይት ሊሾው ላይ ፈሰሰና ቁልቁል በደጁ ወደሚያልፈው የመስኖ ቦይ መንገድ ጀመረ። የቦዩን ውሃ ለአሥራ አንድ አባወራ የሩዝ ማሳ የከፈትኩት ደግሞ እኔው፣ የዚያኑ ጠዋት ነበር። ችግኙ ከተተከለ ሳምንት አልሞላውም። የውሃውን ጎማ ልይዝ ተንደረደርኩ።

"ተው ጎማውን" አሉ እትዬ ኪኑዮ። "ጭራሽ አጥበህ ቦዩ ውስጥ ልትከተው ነው? የሩዝ ፉርሽካ አምጣ። ያለህን ሁሉ።"

እሳቸው የሥራ ካፖርታቸውን አውልቀው ቦዩ ጫፍ ላይ እንደ ግድብ ዘረጉት።

እኛ ቤት ያለው ፉርሽካ ሚስቴ ቺዮ አትክልት የምታብላላበት ነው፤ ለሱ የምትሳሳውን ያህል ለኔ አትሳሳም። ከረጢቱን እንዳለ ተሸክሜ እግሬ አውጪኝ አልኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?" ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ስደርስ ዘይቱና ካፖርቱ መካከል አንድ ስንዝር ቀርቷል። እትዬ ኪኑዮ ከረጢቱን ነጥቀውኝ ዘረገፉት። ፉርሽካው ዘይቱን ሲጠጣ፣ ሲጠቁር፣ ዘይቱም ባለበት ሲቆም ዓይኔ እያየ ደስታዬ ወሰን አጣ። በሰባ ዓመቴ መዝለል አማረኝ።

"መጥረጊያውን ያዝ እንጂ ምን ትገተራለህ? ከዳር ወደ መሃል። ወደ ዳር ከጠረግከው እያሰፋኸው ነው።"

ጠረግን። የጠቆረውን ፉርሽካ አፍሰን ለአሮጌ ዘይት መጣያ ተብሎ በሚሸጥ፣ ጥጥ በተሞላ ካርቶን ውስጥ ከተትን። ከዚያ የሳሙና ዱቄት፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፤ እንደገና ጨርቅ። ውሃ ጠብ አላደረጉም። ፀሐዩ ሊሾውን አደረቀው፤ እሳቸውም አዲሱን ዘይት ሞልተው እጃቸውን ሲታጠቡ የሹንጂ መኪና ድልድዩን ተሻገረች።

ደጁ ላይ አቆመ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ቁጢጥ ብሎ ሊሾውን በጣቱ ዳሰሰ፣ አሸተተ። ፒክአፗን ዞራት።

"ዛሬስ ንጹህ ነው" አለ በመጨረሻ። "ግን እማዬ፣ ነገን አላውቅም። ስለምፈራልሽ እኮ ነው። ቁልፉን ስጪኝ።" እጁን ዘረጋ።

እትዬ ኪኑዮ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ሊሰጡት ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል፣ እሳቸው ግን የሚያዩት እጁን አልነበረም፤ ከኋላው፣ የሱን መኪና ሥር ነበር።

"ዘይት የት አስቀየርክ?"

"ከተማ። ባለፈው ሳምንት። ምነው?"

ከከረጢቱ የተረፈውን እፍኝ ፉርሽካ ይዘው ሄዱና መኪናው ሥር በተኑት። አንድ ጥቁር ጠብታ ወረደበት። ሌላ ጨመረ። ሹንጂ ጎንበስ ብሎ አየና ጆሮው ቀላ።

"የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን አላጠበቁልህም። ይኼን ያህል መንገድ በዚህ ነው የመጣኸው?" አሉ። የራሳቸውን ቁልፍ ወደ ኪሳቸው መልሰው እጃቸውን ዘረጉለት። "በል፣ ቁልፍህን ወዲህ በል።"

ሰጣቸው።