ሟች የሌለው ድንኳን

ዛሬ ጠዋት የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ቱሉ በለቅሶ ድንኳን ብረት ተፈነከቱ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

ጠቡ የተነሣው በሰፈራችን ሜዳ ምክንያት ነው። ሠርጋችንም ለቅሷችንም እዚያ ነው። አንድ ሣር ባይበቅልበትም በከተማው ፕላን ላይ አረንጓዴ ቦታ ነበር፤ ሰሞኑን ለመጋዘን ተፈቀደ።

ዛሬ ሊታጠር መሆኑን ስንሰማ በማለዳ የእድሩን ድንኳን ተከልንበት። የለቅሶ ድንኳን ደፍሮ የሚነቅል አዳማ ላይ አልተወለደም ብለን።

አጥር ሠራተኞቹ ድንኳኑን ሲያዩ ቆርቆሯቸውን አስቀምጠው «እግዜር ያጽናችሁ» አሉና ተቀመጡ። ንፍሮ ሰጠናቸው።

ባለመጋዘኑ ደረሰ። «ማን ሞቶ ነው?»

ይህን አልተመካከርንበትም ነበር። አንዱ ጎረቤቴ ቸኩሎ «እትዬ ዘነቡ» አለ።

እትዬ ዘነቡ ንፍሮ እያደሉ ነበር። «ምላስህ ይቆረጥ!» አሉት።

ሰውዬው ስቆ ዘበኞቹን ጠራ። ዱላና ድንጋይ ተደባለቀ። የአንዱ ዘበኛ ጥርስ ንፍሮው ውስጥ ወደቀ፤ የእኔ ቅንድብ ተሰነጠቀ።

ኦቦ ቱሉ የድንኳኑን የብረት ቋሚ አቅፈው «ይህን ከነቀላችሁ ለእኔ የት ሊያለቅሱልኝ ነው?» አሉ። አንድ ዘበኛ ብረቱን ነጥቆ አናታቸውን መታቸው። ደማቸው እስከ ጫማቸው ወረደ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ቀደው አሰሩላቸው፤ በባጃጅ ሆስፒታል አመጣናቸው።

ይህን የምጽፈው ከሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ኦቦ ቱሉ እስካሁን አልነቁም።

ድንኳኑን ከዚያ ወዲያ የነካው የለም፤ አሸንፈናል መሰለኝ። አሁን ግን ሁላችንም ለቅሶ ሳይገባበት እንድንነቅለው እግዜርን እየለመንን ነው። እናንተስ፣ እንዲህ ያለ ድል ደርሶባችሁ ያውቃል?