ሦስተኛው ምርጫ

ቤተሰቦቿ «የለችም» ነው የሚሏት። ስሟ ተጠርቶ ሳትሰማ መቅረት ልማዷ ነበርና፣ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ እሷን ፈልጎ በር ላይ ለመጣ ሰው «እቤት አለች፤ ግን የለችም» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። እሷም አልተቀየመችም። ክፉ አመል የላትም፤ ሲያወሯት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ዓይኗ ግን የተናጋሪውን ትከሻ ተሻግሮ መስኮቱ ጋ ደርሷል። ወንድሟ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲያሾፍባት እንኳ ዘግይታ ነው የምትስቀው።

ሥራዋ ሆቴል ጣሪያ ላይ ነው። ላውንደሪው ምድር ቤት ነው፤ እርጥቡ አንሶላ በትልልቅ ቅርጫት ተሞልቶ በዕቃ ሊፍት ይወጣል፣ እሷ ትቀበልና በረጃጅሙ ገመድ ላይ እየዘረጋች መቆንጠጫ ታስይዘዋለች። ሁሉም ተሰቅሎ ሲያልቅ ጣሪያው ነጭ ግድግዳ ያለው ቤት ይሆናል። ነፋስ ሲመጣ ክፍሎቹ ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ፤ በር ባልነበረበት በር ይከፈታል። የለችም እዚያ መሀል ባዶውን ቅርጫት ገልብጣ ትቀመጥና አንጋጣ ደመና ታያለች። የመኪናው ጡሩምባ ከታች ይሰማል፤ ግን ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው ሕይወት የሚመጣ ይመስላታል። እዚያ ስትሆን ደስ ይላታል፤ በቃ፣ ደስ ይላታል።

ደመና ታያለች ስላልኩ ታውቃለች ማለቴ አይደለም። አንሶላው መቼ እንደሚሰበሰብ የምትወስነው እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜም ትሳሳታለች። «ዛሬ አይዘንብም» ብላ አፏን ሞልታ በተናገረች ቀን ሰማዩ ይቀደዳል፤ ይዘንባል ብላ ተሯሩጣ በሰበሰበች ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። የላውንደሪው ኃላፊ፣ የሰውንም የጨርቅንም ጭምድድ ስለማይወዱ ሠራተኛው «እትዬ ካውያ» የሚላቸው ሴት፣ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ጮኸውባታል። እሷን እንቅልፍ የሚነሳት ግን ጩኸቱ አይደለም። ነፋሱ በዚያ በኩል እየነፈሰ ዝናቡ በዚህ በኩል እንዴት መጣ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ በሆዷ አለ። እሱኑ የሚያስተምር፣ የአየር ጠባይ ጥናት የሚባል ክፍል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው የታናሽ እህቷን ማስረጃ ልታደርስ በሄደች ጊዜ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብባ ነው። ለማንም አልተናገረችም።

ለምን አልተናገረችም የሚል ሰው ቤታቸውን ማወቅ ያስፈልገዋል። በዚያ ቤት «እፈልጋለሁ» ማለት ነውር ነው። አባቷ የዚያው ሆቴል በር ከፋች ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲያሳልፉ የኖሩ ሰው። ልጆቻቸውንም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ነው ያሳደጉት። እናትየው የቀሚስ ጨርቅ ይዘው መጥተው «ምረጡ» ሲሉ፣ የለችም ሰማያዊው እህቷን እንደሚያምርባት ትናገራለች፣ አረንጓዴው ለእናቷ እንደሚስማማ ትናገራለች፣ በመጨረሻ ወደ ሌላ እያየች «ቡኒውም መቼም አይከፋም» ትላለች። እናት ቡኒውን ለእሷ ይቆርጣሉ። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የተጠራው የልብ መሆኑን በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ይሉኝታ የራሱ ቋንቋ አለው፤ እነሱም አቀላጥፈው ይናገሩታል።

ትምህርቱም እንደ ጨርቁ ነበር። በኩር ሆና ሳለ «እኔ እደርሳለሁ» ብላ ወንድሟንና እህቷን አስቀደመች። ወንድሟ የሒሳብ ባለሙያ ሆነ፤ እህቷ ለመመረቅ ደረሰች። በዚህ ዓመት እናቷ «አሁንስ ተራው የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የለችምም ለአንድ አፍታ አለች።

ማመልከቻው ሦስት የትምህርት ክፍሎችን በቅደም ተከተል ምረጪ ይላል። ወንድሟ ሲመክራት የከረመው አካውንቲንግ ስለነበር አንደኛ ላይ አካውንቲንግ ጻፈች። እናቷ ቤት ውስጥ ነርስ ብትኖራቸው ይወዱ ነበርና ሁለተኛ ላይ ነርሲንግ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ በደቃቅ ጽሕፈት የአየር ጠባይ ጥናት ብላ ጻፈች። አስገብታ ስትመለስ ልቧ ቀልሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ጣሪያዋ ላይ ሆና ማመልከቻዋን የሚያነበውን ሰው ትስለው ጀመር፤ መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለ ሰው። አንደኛውን ያያል፣ ሁለተኛውን ያያል፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፈገግ ይልና «ይቺ ልጅ ልቧ ያለው እዚህ ነው» ይላል። ሰው አይደለ? ይገባዋል። ይህን ከልቧ አምና ነው እንግዲህ አንሶላዋን የምትሰቅለው።

የቀራት ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ አንዱ ከሥራ ቦታዋ፣ አንዱ ካስተማራት መምህር። እትዬ ካውያ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሟትና ሙገሳ እንደማይችሉበት፣ የሚያውቁት እውነት ብቻ እንደሆነ አስጠነቀቋት። እሷም እውነት ይበቃኛል አለች። በማግስቱ በሰጧት ወረቀት ላይ አርፍዳ እንደማታውቅ፣ የሰው ዕቃ እንደማትነካ፣ ሰማይ ማየት እንደምታበዛ፣ በዚህም ምክንያት የሆቴሉን አንሶላ ደጋግማ ለዝናብ እንደዳረገች፣ የተበላሸውን ግን ማንም ሳያዛት መልሳ እንደምታጥብ ሰፍሯል። መጨረሻው ላይ «ብትሄድብኝ ይከፋኛል» ይላል። የለችም ይህን መስመር ስታነብ ዕቃ ሊፍቱ ውስጥ ብቻዋን አለቀሰች።

ሁለተኛውን ለመጠየቅ የድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ዘንድ ሄደች። ጡረታ ወጥተው ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ባለች ክፍል ይኖራሉ። ግድግዳቸው ላይ የዓለም ካርታ አለ፤ ከፀሐይ ብዛት ባሕሩ ነጥቶ ከየብሱ ጋር ለመቀላቀል ምንም አልቀረው። የለችም ገና ከመቀመጧ በዚያ ነጭ ባሕር ላይ ጉዞ ጀመረች። መምህሩ ወረቀት አስተካከሉ፣ ብዕር አወጡ፣ ለየትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚጽፉ ጠየቁ፣ መልስ ሲያጡ ደግመው ጠየቁ። አንድ ደብዳቤ ለሦስት ቤት አይጻፍም፤ አንዱን መጥራት ነበረባት።

ምርጫዎቿን ከላይ ወደ ታች ነገረቻቸው። መምህሩ ብዕሩን አስቀመጡ። ስለ ሒሳቧ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ፣ ክፍል ውስጥ ዝናብ በመጣ ቁጥር መስኮት ስር የምትገኘው ማን እንደነበረች ግን እስከ ዛሬ እንደሚያስታውሱ ተናገሩ። ታዲያ እሱ ስለምን ሦስተኛ ሆነ? እሷም የቤታቸውን ወግ፣ የጨርቁን ነገር፣ መነጽራሙን ጨዋ ሰው ሳይቀር አስረዳቻቸው። መምህሩ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ፊቷን አዩና ተዉት።

«ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ቤት ምርጫ የሚነበበው ከላይ ነው» አሏት። «ውጤትሽ ለአንደኛው ይበቃል። ለአንደኛው ከበቃሽ ደግሞ ሦስተኛውን ዞሮ የሚያየው የለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?»

ደብዳቤውን ለሦስተኛው እንደሚጽፉላት፣ ቅደም ተከተሉን ግን ራሷ ሄዳ ማስቀየር እንዳለባት፣ ለዚያም የመጨረሻው ቀን ነገ መሆኑን ነግረው ሸኟት። መንገድ ላይ ያ መነጽራም ሰው እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ ሄደባት። ከነፈገግታው ሲጠፋ እንደሚያውቁት ሰው አዘነችለት።

አባቷን ሆቴሉ በር ላይ አገኘቻቸው። ማስቀየሩን በልቧ ትታው ነበር። ወረፋ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ የወንድሟን ምክርና የእናቷን ምኞት ወደ ታች አውርዳ የራሷን ከላይ መስቀል ክህደት መሰላት። ስለዚህ የሦስተኛውን ምርጫዋንና የመምህሩን ነገር እንደ ቀልድ፣ እየሳቀች አወራችላቸው። አካውንቲንግም ክፉ እንዳልሆነ፣ ወንድሟ ሰው የሆነበት መሆኑን ጨመረች። አባቷ ግን አልሳቁም። እንግዳ መጣ፣ በር ከፈቱ፣ ሻንጣ ተቀበሉ፣ ተመለሱ፤ ፊታቸው እንደ ጠቆረ ነው።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አሉ።

ታመው እንኳ ፈቃድ ጠይቀው የማያውቁት ሰው፣ ያን ዕለት አለቃቸው ዘንድ ገብተው ፈቃድ ጠየቁ።

በማግስቱ የሬጅስትራሩ ኮሪደር በሰው ጢም ብሎ ነበር። አባትየው እጃቸው አላርፍ ብሎ ለሚገባው ሁሉ በር ሲከፍቱ ቆዩ። የለችም ከመስታወቱ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሲንሸራተት እያየች ከሰልፉ ጋር ወደፊት ተንሳፈፈች። ብርሃኑ በሰው ጫማ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደመና ሲያልፍ ይጠፋል። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ፊት መቆሟን ያወቀችው ከኋላ ያለው ሰው ጎሸም ሲያደርጋት ነው። የመጣችበትን በሰለለ ድምፅ ተናገረች።

«የትኛው ይቅደም?» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል።

የለችም ወደ አባቷ ዞረች። ቀኑን ሙሉ የማያውቁትን ሰው ሲያስተናግዱ የሚውሉት ሰው ጫማቸውን ያያሉ።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ።

«እኔን አይደለም የጠየቀችው» አሉ።

የወንድሟ ፊት መጣባት፣ የእናቷ ፊት መጣባት። «ሦስተኛው» አለች። ስላልተሰማ ደገመችው። «የአየር ጠባይ ጥናት። የምፈልገው እሱን ነው።»

ጣሪያው አልወረደም። ከኋላ አንድ ሰው አዛጋ። ጸሐፊዋ ሰረዘች፣ ጻፈች፣ አስፈረመቻት፣ ቀጣዩን ጠራች። ያን ሁሉ ዓመት በሆዷ የተሸከመችው ነገር የሚፈጀው ይህን ያህል ነበር።

ወጥተው በዛፎቹ ጥላ ስር በእግራቸው ሄዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የፈለግሽው?» አሉ አባቷ።

«ከልጅነቴ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ልታለሳልሰው አሰበች፤ ግን ያን ጠዋት አፏ አንዴ ተከፍቷል። «አልጠየቅኸኝማ፣ አባዬ።»

ወቀሳ አልነበረበትም፤ ቢሆንም ዘልቆ ገባቸው። ጎማ ቤቱን አለፉ፣ ዳቦ ቤቱን አለፉ። ልጃቸውን እንዲያ አድርጎ ያሳደገው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። የለችም አዘነችላቸውና እሷም በተራዋ ጠየቀቻቸው።

«አንተስ? አንተ ምን ትፈልጋለህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። «እኔማ ምን እፈልጋለሁ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ» የሚለው መልስ ምላሳቸው ላይ ሲደርስ አየችው፤ መልሰው ዋጡት። ከዚያ ብዙ ሄዱ። ወደ ሆቴሉ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«መቀመጥ» አሉ ቀስ ብለው፣ እፍረት እንደያዛቸው። «አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ መዋል።»

ወደ ሆቴሉ አልታጠፉም። ከመንገዱ ማዶ ግንብ ተደግፎ የቆመ አግዳሚ ወንበር ነበርና እዚያ ተቀመጡ። ሰው ባለፈ ቁጥር አባቷ ብድግ ሊሉ ይቃጣቸዋል፤ እሷም እጃቸውን ይዛ ታስቀምጣቸዋለች። ወደ እኩለ ቀን ገደማ መነሳቱን ተዉት።