በር የሚመስል ክር

«አደራ ብዬ ልቤን ካንቺ ዘንድ ባኖረው፣
እምም... እምምም... ማነው የነገረው?»

እትዬ ወስፌ የዘፈኑ መሀል ከጠፋባት ቆይቷል። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ታውቃቸዋለች፤ መሀሉ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ክር እንዳለቀበት መርፌ ባዶውን ይመላለሳል። ልጅ ሳለች ስለ ፍቅር የተዘፈነ ይመስላት ነበር። አሁን ቆዳውን በጉልበቷና በጠረጴዛው መካከል አጣብቃ ስታንጎራጉረው፣ ስለ ሥራዋ የተዘፈነ ይመስላታል።

እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ወስፌዋን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ገበያ ስለምትወጣ ሰፈርተኛው «እትዬ ወስፌ» አላት፤ እሷም ሳታኮርፍ አቤት አለች። መንገድ ዳር ያለችው ጠባብ ክፍሏ ለሁሉም ክፍት ናት፤ ቀበቶ የሚያስጠብብ፣ የልጁ ቦርሳ የተተረተረበት፣ ሶሉ የተገነጠለበት ሁሉ ይገባባታል። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ክፍል ግን የሁሉም አይደለችም። እዚያ የሚሰፋው የሽጉጥ ማህደር ነው፤ አልፎ አልፎም የአደን ጠመንጃ ልብስ።

ሰውየው ይመጣል፣ ፈቃዱን ያሳያታል፤ እሷም አይታ ትመልስለታለች። መሣሪያው ባዶ መሆኑን በዓይኗ ሳታይ አትነካም። ከዚያ ትለካዋለች፣ በልኩ እንጨት ትጠርባለች፤ እርጥቡ ቆዳ በእንጨቱ ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። ሽጉጡ እሷ ዘንድ አያድርም። እንጨቱ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ማህደሩ ያረጀ ቀን ባለቤቱ ሁለተኛ እንዳይንከራተት።

ስም አትጽፍም፤ ስም መጻፍም ማውራትም አትወድም። መሣሪያ እንዳለው የታወቀ ሰው ቤት የሚመጣውን እንግዳ ታውቀዋለች፤ ሊዋስ የሚመጣ ዘመድ አለ፣ ሊሰርቅ የሚመጣ አለ፣ ሊያጣራ የሚመጣ ባለጋራም አለ። ስለዚህ ከዓመታት በፊት አንድ ዘዴ አወጣች። ማህደሩን ከመስፋቷ በፊት ሄዳ ከደንበኛው የግቢ በር ላይ የተላጠ ቀለም በጥፍሯ ታነሳለች። በልጣጩ ቀለም ክር ትገዛለች፣ በዚያ ክር ትሰፋለች፣ ከተረፈው ቆርጣ እንጨቱ ላይ ታስራለች። ሰማያዊ ክር ሰማያዊ በር ነው፤ ከዚህ በላይ ማን ያውቃል? አረንጓዴው ራሱ ስንት ዓይነት ነው! ገና ሲበቅል ያለው ሣር አለ፣ ዝናብ የመታው ሣር አለ፣ እሷ ደግሞ አንዱን ከአንዱ ለይታ ታውቀዋለች። የተጠናቀቀውን ማህደር በመስኮቱ ብርሃን ስታየው፣ የሰው ምስጢር በሰው ቀለም ተሰፍቶ ስታየው፣ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ ይላታል።

ችግሩ የጀመረው በሰማያዊው በር ነው። ቤቱ ተሰበረ። ቴሌቪዥኑ አልተነካም፣ ወርቁ አልተነካም፤ ሽጉጡ ከነማህደሩ ጠፋ። ሰንበት ብሎ የቀይ በሩ ሰውዬ የአደን ጠመንጃ ከነልብሱ ከአልጋው ሥር ተወሰደ። መርማሪው እትዬ ወስፌ ዘንድ መጣ።

ወጣት ነው። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። የሚጮህ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«እናቴ፣ የሁለቱም ስፌት የእርስዎ እጅ ነው ይላሉ።»

«እዚህ አገር ሌላ ማን ይሰፋል?»

«እንግዲያው ሌሎቹን ይንገሩኝ። ሄጄ ላስጠነቅቃቸው። ያ ሽጉጥ ነገ በማን ላይ እንደሚተኮስ አናውቅም።»

«ወረቀታቸው እናንተ ቢሮ አለ አይደል?»

«አለ። ግማሹ ቤት ቀይሯል፣ ግማሹ ሞቷል። እርስዎ የሚያውቁት ግን ትኩስ ነው።»

እትዬ ወስፌ ሰሙን በክሩ ላይ አሻሸች። «ልጄ፣ ወሬው የወጣው ከናንተው ቢሮ ቢሆንስ?»

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተቆጣም። «እሱንም እየጠረጠርኩ ነው» አለ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራት፤ የራሱን ቤት እንዲህ በቀላሉ የሚያማ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

መርማሪው ወደ መጋረጃው ተመለከተ። «እዚያ ውስጥ ማን ይገባል?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እኔ አልኩህ እኮ!»

ዋሸች። መርማሪው ሲወጣ መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው። አማችዋ፣ የልጅዋ ባል፣ ይገባል። ምሳ ይዞላት ሲመጣ መጋረጃውን ገልጦ ሰተት ነው የሚለው። አማችዋ ደግሞ በር ሠሪ ነው፤ ብረት ይበይዳል፣ በር ይቀባል። የሰፈሩን በር ቀለም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእሱ የቀደመ የለም። አንድ ቀን አረንጓዴውን ክር በጣቱ ይዞ፣ «እማማ! ይሄ እኮ እኔ የቀባሁት በር ነው!» ብሎ ሲስቅ አብራው ስቃ ነበር። አሁን ያ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ፍም ተቀመጠ።

ልጅዋ አንዲት ናት፤ ከባልዋ ጋር እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባለው ክፍል ነው የምትኖረው። ወሯ ገብቷል፤ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። እሱ ከሆነ የልጅዋ ቤት ፈረሰ፤ ሕፃኑም አባቱ የታሰረበት ቤት ውስጥ ሊወለድ ነው። እሱ ሆኖ ደግሞ ዝም ካለች፣ የሚቀጥለው በር የማን ይሆን? የአረንጓዴው በር ባለቤት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት።

ከዚያ ወዲያ አማችዋን በዓይኗ ትከተለው ጀመር። ስልክ ሲደወልለት ወደ ግቢ ይወጣል፤ ለምን ይወጣል? አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ከየት አመጣው? እሱም እንደ ድሮው አይቀልድም። ምሳ ሲያመጣላት ከመጋረጃው ውጭ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ነቅቷል ማለት ነው አለች በልቧ። አብረው ገበታ ላይ እንዳይቀመጡ እሷም ሰበብ አታጣም።

«እማዬ፣ ነይ ብይ እንጂ።»

«በልቻለሁ።»

«የት በላሽ? ባሌን ደግሞ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ነው የምታይው። ምን አደረገሽ?»

«ምን ያደርገኛል? ዓይኔ ደክሞ ነው።»

በመጨረሻ ወጥመድ አሰበች። ታላቅ እህቷ ልጇ ዘንድ ሄዳ ስለምትኖር ቤቷ ባዶውን ተቆልፏል። በሩ ቢጫ ነው። እዚያ ቤት እንኳን ሽጉጥ፣ የሚረባ ቢላዋም የለም። አንድ አሮጌ እንጨት ላይ ቢጫ ክር አስራ አማችዋ ከሚያይበት ልትሰቅል ቆረጠች። ቢጫው በር ከተነካ፣ ነገሩ አለቀ።

ሄዳ ልጣጩን አነሳች፣ በመሐረብ ቋጠረችው፣ እንደ ወትሮዋ ወደ ክር ሻጩ ወረደች። ቀስተ ደመና ይሉታል፤ ሱቁ እንደዚያው ነው፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ቀለም። የስንት ዘመን ደንበኛዋ ነው።

«ደግሞ የማንን በር ላጥሽ?» አላት ገና ከሩቅ። «የበር መዥገር ሆንሽ እኮ!»

«አንተ ደግሞ ክርህን ስጠኝና አፍህን ዝጋ።»

ልጣጩን ወደ ብርሃኑ አነሳው። «እንዴት ያለ የእብድ ቢጫ ነው! ይሄማ ላይኛው መንገድ፣ ጥጉ ላይ ያለው አይደል?»

«ለቀበቶ ነው።»

«ቢጫ ቀበቶ ታጥቆ የሚወጣ ሰው ካለ አሳይኝ፣ በነፃ እሰጥሻለሁ!» ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ክሩን በመሐረቡ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተች።

ቤት ስትደርስ አማችዋ የለም። ሌላ ከተማ የትምህርት ቤት በር ሊተክል ብረቱን መኪና ላይ ጭኖ ሄዷል፤ ቀናት ይቆያል አለች ልጅዋ። እትዬ ወስፌ ወጥመዷን ለማን ታጥምድ? ክሩን ሳታወጣው፣ እንጨቱንም ሳትሰቅል ተበሳጭታ አደረች።

በማግስቱ የእህቷ ጎረቤት ደወለች። የቢጫው በር ቁልፍ ተቆርጧል። ቁም ሳጥኑ ተገልብጧል፣ ፍራሹ ሆዱ ተቀዷል፤ የተወሰደ ነገር ግን የለም፤ የሚወሰድም አልነበረም።

የመጀመሪያ ሐሳቧ፣ «አልሄደም፤ ዋሽቶ እዚሁ ነው» የሚል ነበር። ደወለችለት። ከድምፁ ኋላ ብረት ይጮሃል፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ። «እማማ፣ ምጥ መጣ እንዴ?» አለ ደንግጦ። የለም ብላ ዘጋች። ይሄም አላረካትም፤ በስልክ የሚሰማ ሕፃን የት አገር እንዳለ ማን ያውቃል?

ላቧን ልትጠርግ መሐረቡን ከደረቷ አወጣች። ቢጫው ክር አብሮ ወጣ።

አልተሰቀለም። ከመሐረቡ አልወጣም። አማችዋ መጋረጃውን መቶ ጊዜ ቢገልጥ ቢጫ ነገር ሊያይ አይችልም። ልጣጩን ያየ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ከሩቅ «የማንን በር ላጥሽ?» የሚላት ሰው ነው።

ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው። አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። ስም ደብቄያለሁ ብላ ስትኮራ፣ በር በሩን እየላጠች ወስዳ በዚያ ሰውዬ መዳፍ ላይ አስቀምጣለች። ስሙንማ ብትነግረው ይሻል ነበር፤ በስም እንኳን ቤት ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። ያን ሁሉ ጊዜ መጋረጃ ስትጋርድ የኖረችው ከማን ነው? እንባዋ ቢጫው ክር ላይ ወረደ።

መርማሪው ቢሮ ገብታ፣ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረችው። አዳመጣትና፣ «የቀሩትን በሮችም ይንገሩኛ እናቴ» አለ።

«ክር ሻጩን ነገርኩህ። እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ ከነጥፋቴ ልሰጥህ እችላለሁ። በሮቹ ግን የኔ አይደሉም። ዛሬውኑ ዞሬ ባለቤቶቹን እጠይቃለሁ።»

«እስክትጠይቂ ቢዘረፉስ?» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አላት፤ ድምፁም ከፍ አለ።

«እስክጠይቅ አንተ ቀስተ ደመናን ያዘዋ! እኔ በእግሬ ነው የምሄደው፣ አንተ መኪና አለህ።»

አየችው፤ ፈገግታውን ሊውጥ ሲታገል ያዘችው። ያኔ ነው ትንሽ ያመነችው፤ ትንሽ ብቻ።

ያን ቀን ከሰዓት በር አንኳኳች። የአረንጓዴዋ በር ሴት ሰምታ ስታበቃ፣ «ለመርማሪው ንገሪ፤ ጎረቤቴ ግን እንዳይሰማ። ብቻዬን መሆኔን እንጂ ምን እንዳለኝ አያውቅም፣ እንደዚያው ይኑር» አለቻት። የግራጫው በር ሽማግሌ ደግሞ እሺ አሉና፣ «ለመሆኑ በሬን ያጎደፍሽው አንቺ ነሽ? እኔ ዝናቡን ስረግም!» ብለው ቀለዱባት። የቡኒው በር ሰውዬ አልቀለደም። በሩን ገርበብ አድርጎ ይዞ፣ «አፍሽን አምኜ ብመጣ በእጅሽ አወራሽብኝ» አለ። «ለማንም እንዳትናገሪ። የራሴን ነገር ራሴ አውቃለሁ።» ዘጋባት።

ለመርማሪው ሁለት በር ነገረችው። «ሦስተኛው እንቢ ብሏል።»

«ፈቃድ አለው?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

መርማሪው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እንግዲህ አንድ የማላውቀው በር አለ» አለ፣ አልገፋም።

ቀስተ ደመና ሲያዝ አለቀሰ አሉ። አልሸጥኩም፣ ለጨዋታ ነው የነገርኩት፣ መጠጥ ለሚጋብዘኝ ልጅ ነው ያወራሁት አለ። የአደን ጠመንጃው በጆንያ ተጠቅልሎ እዚያ ልጅ ቤት ተገኘ። የሰማያዊው በር ሽጉጥ ግን እስካሁን የለም። እትዬ ወስፌ መንገድ ላይ ጃኬቱ ጎኑ ላይ ያበጠ ሰው ስታይ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ዳቦም ይሁን ስልክ፣ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ነገር ይመስላታል። የሰማያዊው በር ሰውዬ ሰላም አይላትም። እንጨቶቹን ለየባለቤታቸው መለሰች፤ ግድግዳው ላይ ምስማሮቹ ብቻ ቀሩ። ከእንግዲህ ለሁሉም የምትሰፋው በአንድ ጥቁር ክር ነው። ሥራው እንደ ድሮው ጠንካራ ነው፤ ውበቱ ግን ሄዷል። ከዘፈን ዜማውን አውጥቶ ቃሉን ብቻ እንደማንበብ ነው።

አማችዋ የተመለሰው ቀስተ ደመና በተያዘ ሰሞን፣ አንድ እኩለ ቀን ላይ ነው። ልጅዋ ሾርባ ሠርታ ዳቦ ቆርሳ ጠራቻት። እትዬ ወስፌ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ» አለ አማችዋ፣ ዓይኑን ከዳቦው ሳያነሳ፤ «እኔን ጠርጥረው ነበር አይደል?»

የለም ልትል አፏን ከፈተች። «አዎ ልጄ» አለች።

እሱ ዳቦውን አስቀመጠ። ከዚያ አንገቱን እያሻሸ፣ «እኔም ጠርጥሬዎት ነበር» አለ።

«ማንን? እኔን?»

«የተሰበሩት በሮች እርስዎ ግድግዳ ላይ ያየኋቸው ሆኑብኝ። ለሰው የሚናገሩ መሰለኝ። ልጅዎን ምን ብዬ ልንገራት? መጋረጃውን መግለጥ ፈራሁ። ሩቅ ሥራ ለምኜ የሄድኩትም ለዚህ ነው።»

ልጅዋ ማንኪያውን ይዛ አንዱንም አንዱንም አየች። «እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም! እኔ እኮ በሕፃኑ ስም የተጣላችሁ መስሎኝ ስንት ስም አውጥቼ ስንት ስም ጣልኩ!»

ማንም አልሳቀም፤ አማችዋ ብቻ ትከሻው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ተነሳና ወንበሩን በእግሩ ወደ እሷ ገፋላት።

እትዬ ወስፌ ወስፌዋን ከፀጉሯ አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፣ እጅዋን ታጠበች፣ ተቀመጠች። ሾርባው በርዷል፣ ጨውም በዝቶበታል። ዳቦዋን ነክራ በላች።