የእልኸኛ ህዋሳት ሞግዚት

በላቦራቶሪው ሁሉም «ሞግዚቷ» ይሏታል። የምታሳድገው ግን ልጅ አይደለም፤ የኬሞ መድኃኒት ተላምደው አልሞት ያሉ የካንሰር ህዋሳትን ነው። መድኃኒቱን መጠኑን እየጨመረች ትሰጣቸዋለች፣ እነሱ ይብሱን ይፋፋሉ። ዕድሜዋን የፈጀችው እልኻቸውን የሚሰብር ውሁድ ፍለጋ ነው። በስንት መከራ ከዛፍ ቅርፊት ነጭ ዱቄት አወጣች፤ ተስፋዋ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀጭኑ መጣ። ትናንት ሥራ ያስለመደችው ጎረምሳ፣ ዛሬ የራሱን ውሁድ ሠርቶ «ከኬሞው ጋር ስሰጣቸው አለቁ!» አለ። ወደ አይጥ ሙከራ የሚያልፈው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሞግዚቷ አንጀቷ አረረ። ሳቁ አስጠላት፤ አለቃቸው ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ፊቷን አዞረች።

ስትከታተለው ጉድ አገኘች። ቀጭኑ ህዋሳቱን ለሳምንታት ያለ መድኃኒት ነው የቀለባቸው። መድኃኒቱ ሲቋረጥባቸው መላመዳቸው ይጠፋል፤ ያኔ ማንም ይገድላቸዋል።

«ሬሳ ገድሎ ነው የሚፎክረው!» አለች፣ ስብሰባ መሀል።

ቀጭኑ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አለቃው «እንግዲያው አንቺው ድገሚው፤ የሁለታችሁንም» አላት።

ለእውነት ብላ አልጮኸችም፤ ቅናት ነው ያስጮኻት። ግን ስንቱ ደግ ነኝ ባይ አጨብጭቦ ሊያልፈው ነበር! መድኃኒት እምቢ ያለው በሽተኛ ጭብጨባ ምን ያደርግለታል?

ከሁሉም እልኸኞቹን መርጣ፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ፈተነች። በማይክሮስኮፑ አየች። የሷ ዱቄት የገባባቸው ተንደላቀው ተቀምጠዋል። የቀጭኑ የገባባቸው ረግፈዋል። ሌላ የህዋሳት ማሳደጊያ ሳህን አየች፤ እሱም ያው ነው።

«ተበክለው ነው» ብላ ብትደፋቸው ማን ይጠይቃታል? እጇ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደ። በሽተኞቹ ትዝ አሏት፤ እጇን መለሰች።

«እትዬ፣ እንዴት ሆነልዎ?» ቀጭኑ በሩ ላይ ቆሟል።

«ና፣ እየው።»

አጎነበሰ። «ይሄ የማን ነው?»

«ያንተ ነዋ! ምን ታስለፈልፈኛለህ?»

«የእርስዎስ?»

«የኔማ ቀለብ ሆኗቸዋል።»

ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

«ዞር በል! ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ። አቃጥለኸኛል፣ ገና ታቃጥለኛለህ።» ሳህኖቹን ይዛ ወደ አለቃው ቢሮ ገሰገሰች። «ተከተለኝ እንጂ! ሐሳቤን ሳልቀይር ፍጠን!»